ቁልፉ ተቆልፎ በሩ ተከፍቶ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ቤቱን ከገዛን ስድስት ወራችን ነው። በሩ ከቀድሞው ባለቤት የወረስነው የላሜራ በር ነው። ባለፈው ወር ከእኛ በላይ ያለው ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የእኛ ቁልፍ ደግሞ በሩን ወደ ላይ ካላነሳሁት አይዞርም። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ ጭራሽ ባሰበት። አንድ ሻጭ ‹ኮምፒዩተር ቁልፍ› ግዢ አለኝ። ባለቤቴ የጣት አሻራ ይሻላል ባይ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹እዚያ ያለውን ተዉት፣ እኔ እልካለሁ› ይላል። ገንዘባችን ለአንዱ እንጂ ለሁሉም አይበቃም። የትኛውን ልምረጥ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱም ምክሮች ከንቱ አይደሉም። ግን ልብ በዪ፣ ሦስቱም ያወሩሽ ስለ ቁልፍ ነው። ስለ በሩ ያነሳ የለም። እኔ ቁልፍ ስገጥምና ስፈታ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁልፉን በጥበብ ከፍቶ የገባ ሌባ ያጋጠመኝ በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው በሩን ነው የሚያሸንፈው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የደረሰብኝን ላጫውትሽ። ለአንድ ደንበኛ ያኔ ገበያ ላይ ከነበረው ሁሉ ውዱን የጣሊያን ቁልፍ ገጠምኩለት። አራት ወፋፍራም ምላሶች፣ ማለት ሲቆለፍ ወጥተው መቃኑ ውስጥ የሚገቡ ብረቶች ያሉት፣ ሲዞር ድምፁ ራሱ ሰው የሚያኮራ። እሱም ኮራ፣ እኔም ኮራሁ። ወር ሳይሞላ ደወለልኝ። ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ ግን እንደተቆለፈ ነው። አራቱም ምላሶች ወጥተው አየር ላይ ቆመዋል። ሌባው አንድ ቁራጭ ፌሮ በበሩና በመቃኑ መሀል ሰክቶ ገፍቷል። የመቃኑ ላሜራ እንደ ጣሳ ተጣጥፎ ምላሶቹን ለቅቋቸዋል። ቁልፉ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ደንበኛዬ ምንም አልተናገረኝም። ቁልፉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ያቺ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ስለዚህ ካንቺ በር እንጀምር።

«ወደ ላይ ካላነሳሁት አይዞርም» ስትዪ የቁልፉን ሳይሆን የበሩን በሽታ ነው የነገርሽኝ። አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሪ። በሩን ክፈቺው። እንደተከፈተ ቁልፉን አስገብተሽ ሁለት ዙር አዙሪ፣ መልሰሽም ፍቺው። ልስልስ ብሎ ከዞረ ቁልፍሽ ጤነኛ ነው። በሩ ወርዷል ማለት ነው። ማጠፊያው ተበልቷል ወይም ብየዳው ለቋል። ምላሱ ወደ ቀዳዳው ሲሄድ ከቀዳዳው ጫፍ ጋር ይጋጫል። አንቺ በጉልበት ስታነሺው ነው ልኩን የሚያገኘው። እንዲህ ያለ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ብትገጥሚ አዲሱም በስድስት ወሩ ይበላል። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ ሞረድ አንስቶ የመቀበያውን ቀዳዳ ያሰፋልሻል። ለጊዜው ቁልፉ ይዞራል። ግን በሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ፌሮ የሚሰካበት ክፍተትም ተገኘ ማለት ነው። ቀዳዳውን እንዳታስነኪ። ማጠፊያው ይስተካከል፣ ከተበላም ይቀየር።

በሩ ተከፍቶም ቁልፉ ከተንገዳገደ ግን ጥፋቱ የሲሊንደሩ ነው፤ ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ክፍል ማለቴ ነው። ዘይቱም የድርሻውን አድርጓል። የምግብ ዘይት ቁልፍ ውስጥ ሲገባ አንድ ሳምንት ደስ ይላል። ከዚያ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ሙጫ ይሆናል። የሞተር ዘይትና ግሪስም ያው ናቸው። ለሲሊንደር የሚሆነው ደረቅ ነገር ነው፣ የግራፋይት ዱቄት። እሱ ከሌለ የልጆቹን እርሳስ አንሺና የቁልፉን ጥርሶች በደንብ ቀቢያቸው፣ አስገቢ፣ አውጪ፣ ደጋግሚ። እርሳስ ግራፋይት ነው። በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ አንዴ የበጋው አቧራ ሲከርም፣ ይበቃዋል። ግሪሱ ያስፈልጋል ካልሽ ማጠፊያው ላይ ነው ቦታው።

አሁን ወደ መቃኑ። ዋናው ነገር እዚህ ነው።

በሩን ክፈቺና ምላሱ የሚገባበትን የመቃን ቀዳዳ እዪ። ትንሿን ጣትሽን አስገቢበት። ምን ነካሽ? አብዛኛው ቤት ውስጥ ምንም አይነካም፤ ባዶ ነው። አንድ ሚሊ ገደማ የሆነ ላሜራ ላይ ቀዳዳ ተከፍቷል፣ ከጀርባው አየር ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቁልፍ የሚደገፈው በዚች ጠርዝ ነው። ቀጥለሽ መቃኑን ከላይ እስከ ታች በጣትሽ አንጓ አንኳኪው። እንደ ከበሮ ከጮኸ ሲሚንቶ አልተሞላም። ሌላም አለ። ባለቤትሽ በሩን ቆልፎ ከውጭ በትከሻው ገፋ ገፋ ያድርገው። አንቺ ከውስጥ እጅሽን መቃኑና ልስኑ የሚገናኙበት ላይ አሳርፊ። ልስኑ ከተነቃነቀ ዛንካው፣ መቃኑን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ብረት፣ ግድግዳውን አልያዘም ማለት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው። ዛንካው ባዶው ላይ ካረፈና ዙሪያው በኮንክሪት ካልተሞላ መቃኑ የቆመው በልስን ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም።

ይህን ለማስተካከል ውድ ነገር አያስፈልግም። አንድ ጎበዝ በያጅና ግማሽ ቀን። ከመቀበያው ቀዳዳ ጀርባ 5 ሚሊ ውፍረትና 40 ሴንቲ ገደማ ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይበየድ። የምላሱ ቀዳዳ በዚያ ብረት ላይ ይከፈት፣ ከምላሱ ልክ ከአንድ ሁለት ሚሊ በላይ ሳይሰፋ። ብረቱ መርዘም ያለበት አንድ ቦታ የተገፋው ጉልበት ወደ መቃኑ ሙሉ ቁመት እንዲበተን ነው። አጭር ቁራጭ ከተበየደ ራሱ ከላሜራው ጋር አብሮ ይጣጠፋል። መቃኑ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከላይ ተቀዶ በቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ይሞላ። ሲደርቅ እንደገና አንኳኪው፤ ድምፁ ይነግርሻል።

በርሽ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? አልጻፍሽልኝም። ወደ ውጭ ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ ከውጭ ነው የሚታየው፣ ተቆርጦ በሩ በዚያ በኩል ሊነቀል ይችላል። መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ነፃ ነው። በያጁ ከሥራው የተረፈ 12 ሚሊ ፌሮ አያጣም። ሁለት ቁራጭ ቆርጦ፣ ሦስት ሦስት ሴንቲ እንዲወጣ አድርጎ፣ በማጠፊያው በኩል ባለው የበሩ ጠርዝ ላይ አንዱን ላይ በኩል አንዱን ታች በኩል ይበይዳቸው። በትይዩ መቃኑ ላይ ቀዳዳ ይከፍትላቸዋል። በሩ ሲዘጋ ፌሮዎቹ መቃኑ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ማጠፊያዎቹ ሁሉ ቢቆረጡ እንኳ በሩ በዚያ በኩል አይወጣም። እኔ በራሴ ቤት ያደረግኩት ይህን ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ቢሆንም አይጎዳም።

ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ ነው ስለ ቁልፍ ማውራት የሚያምርብን።

ቁልፍ ሁለት ዓይነት ምላስ አለው። አንዱ በሞላ የሚገፋው፣ በሩ ሲገጭ ራሱ ጠቅ ብሎ የሚይዘው፣ ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠው ነው። ሌላው በቁልፍ ዙር የሚወጣው፣ አራት ማዕዘን ወይም ድቡልቡል ምላስ ነው። የመጀመሪያው ንፋስ እንዳይከፍተው እንጂ ሌባ እንዳይከፍተው አልተሠራም። በሩን ገጭተሽ ብቻ ሱቅ ድረስ የምትሄጂ ከሆነ በርሽ አልተቆለፈም። ሁለተኛውን ምላስ በማስመሪያ ለኪው። በሩን ከፍተሽ ሁለት ዙር አዙሪና ምን ያህል እንደወጣ እዪ። ከ20 ሚሊ ካነሰ ደስ አይለኝም። አንድ ዙር ብቻ ቆልፎ መሄድም ልማድ ሆኗል፤ የሁለተኛውን ዙር ሂሳብ ከፍለሽ ለሌባው መመረቅ ነው።

ሲሊንደሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳሽ፣ ሻጭ እንዳያደናግርሽ። ውስጡ በትንንሽ ሞላዎች የሚገፉ ፒኖች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ያነሱታል፣ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ሲቆሙ ይዞራል። ሐሳቡ የጥንት ግብፆች ነው፣ የእንጨት ፒን ነበራቸው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ጠፍጣፋ ቁልፍ በዚህ መልኩ ያመጣው አሜሪካዊው ሊነስ የል ነው፣ በፈረንጆቹ 1861 እና 1865 ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች። እንግዲህ አስቢው። 5 ፒን ካለውና እያንዳንዱ ፒን 6 ዓይነት ቁመት ሊኖረው ከቻለ፣ 6ን አምስት ጊዜ ስታባዢው 7,776 ዓይነት ቁልፍ ይወጣል። አንድ ፒን ብቻ ሲጨመር 46,656 ይሆናል። ሁሉም በተግባር አይሠራባቸውም፣ ግን ልዩነቱ ይታይሻል። ርካሹ ዕቃ ደግሞ ፒኑም ጥቂት ነው፣ ሥራውም ልቅ ነው። አንድ ሕንጻ ላይ በጅምላ የተገዛ ቁልፍ ሲገጠም የአንዱ ጎረቤት ቁልፍ የሌላውን በር ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱ ሴቶች ሲሳሳቁ እኔ ነበርኩ ላብ ያጠመቀኝ።

«ኮምፒዩተር ቁልፍ» ያለሽ ሻጭ ምንም ኮምፒዩተር የለበትም። ጥርስ ሳይሆን ሁለት ጎኑ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ቁልፍ ነው። ጥሩ ከተሠራ ከጥርሳሙ ይሻላል። ፒኖቹ በተለያየ አቅጣጫ ይመጡበታል፣ ቁልፉም ከኪስ ጋር አይፋጭም። መጥፎ ከተሠራ ግን ጉድጓዱ ጌጥ ነው። ስለዚህ የቁልፉን ቅርፅ ትተሽ ሲሊንደሩን በእጅሽ ያዢው። መክበድ አለበት። ደህናው ሲሊንደር ከናስ ነው። ርካሹ ከዚንክ ቅይጥ ቀልጦ በቅርፅ የወጣ ነው፣ ቀለል ይላል። ሻጩ ማግኔት አምጥቶ «አየሽ፣ አይስብም፣ ናስ ነው» ካለሽ አትመኚው። ዚንክንም ማግኔት አይስበውም። ይልቅ ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ውስጡን እዪው። ቅቡ ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም። ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ሌላ ነው።

ካርቶኑ ላይ «ኢኤን 1303» የሚል ካየሽ የአውሮፓ የሲሊንደር ደረጃ ነው። ከሥሩ ከተደረደሩት ቁጥሮች አንዱ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ እንደተፈተነ ይናገራል። 4 ከሆነ 25,000 ጊዜ፣ 5 ከሆነ 50,000፣ 6 ከሆነ 100,000 ነው። ቤታችሁ በቀን 20 ጊዜ ቁልፍ ይዞራል እንበል። 25,000 ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ 100,000 ግን አሥራ ሦስት ዓመት ያልፋል። ዘላቂ የሚባለው ይህ ነው እንግዲህ፣ ሻጩ «ዕድሜ ልክ» የሚለው አይደለም። የቱርኩ ካሌ፣ የጣሊያኑ ቺዛ፣ የል፣ ስማቸው የታወቀ ነው። ስም ያለው ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ካርቶን ማተም ቀላል ነው፤ ክብደቱን፣ ቀለሙንና የቁልፉን አዟዟር ሳታዪ ለጽሑፉ ብቻ አትክፈዪ።

ልኩን ሳትይዢ ገበያ አትውጪ። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከምላሶቹ ትይዩ፣ ሲሊንደሩን የሚይዝ አንድ ረጅም ብሎን አለ። በካቻቪቴ ፍቺው፣ ቁልፉን ትንሽ ዘወር አድርገሽ ሳቢ፣ ይወጣልሻል። ከብሎኑ ቀዳዳ መሀል እስከ ውጪኛው ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ውስጠኛው ጫፍ ለኪ። 30 በ30፣ 30 በ40 እያሉ የሚጠሩት ይህን ነው። ይዘሽው ብትሄጂ ይበልጣል፤ ግን ቤት ሰው ይቅር እንጂ! አንድ ደንበኛዬ ሲሊንደሩን ነቅሎ መርካቶ ሊወርድ ሲል በሩን የሚቆልፍበት እንዳጣ ነግሮኛል።

ልኩ ለምን ያስጨንቀኛል? የሲሊንደሩ በጣም ደካማው ቦታ መሀሉ ነው፣ ብሎኑ በሚገባበት። ከውጭ ወጣ ብሎ ከታየ የቧንቧ መፍቻ ይይዘዋል፣ ከያዘው መሀሉ ላይ ይሰበራል። የላሜራ በር ላይ አንድ ሴንቲ ያህል ወጥቶ የቆመ ሲሊንደር በየፎቁ አያለሁ። በያጁ ያገኘውን ነው የገጠመው። ቀዳዳውን ከሸፈነው ብረት ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ በላይ መውጣት የለበትም። ዙሪያውን የሚያቅፍ ወፍራም የብረት መከለያ፣ ብሎኖቹ ከውስጥ በኩል የሚታሰሩ፣ ይጨመርበት። ይህ መከለያ በእኔ ሚዛን ከጉድጓዳሙ ቁልፍ በፊት ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ስድስት ወር ሙሉ የቀድሞውን ባለቤት ሲሊንደር ይዘሽ ተቀምጠሻል። ቁልፉ ስንት ሰው እጅ እንዳለ ታውቂያለሽ? የሸጠልሽ ሰው ቅን ይሁን። ተከራዩስ? ቀለም ቀቢውስ? የቀድሞዋ ሠራተኛስ? ቁልፍ ቀራጭ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ «የማን ነው» ብሎም አይጠይቅም። ቤት የገዛም የተከራየም የመጀመሪያ ሥራው ሲሊንደር መቀየር ነው። ሙሉውን ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም፣ ሲሊንደሩን ብቻ። በሩ ውስጥ ያለው፣ ምላሶቹን የያዘው ሣጥን ደህና ከሆነ ይቀጥላል። አንዳንድ ሲሊንደር ካርድ ይዞ ይመጣል፣ ያለ ካርዱ ቅጂ አይቀረጽም ይባላል። ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ ካርዱን ከቁልፉ ጋር አብረሽ ካላንጠለጠልሽው። ሌላም ብልሃት ያለው አለ። ለግንባታ ሠራተኛ የሚሰጥ ለየት ያለ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቷ የራሷን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዞር የሠራተኛው ቁልፍ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይሠራም። ቤት እያስጨረሰ ላለ ሰው እንዲህ ያለውን ነው የምመክረው።

ቅጂ ስታስቀርጪ ሁልጊዜ ከዋናው ይሁን። የቅጂ ቅጂ እየተጣመመ ይሄዳል፣ በኋላ ሲሊንደሩን ይበላል። አንዱን ዋና ቁልፍ ሳትጠቀሚበት አስቀምጪው።

የጣት አሻራውን በተመለከተ፣ ባለቤትሽን አላስቀይምም። መብራት ሲጠፋ ይቆለፋል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም፤ በባትሪ ነው የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ተራ ባትሪ ድንጋይ። ሲደክም አስቀድሞ ይጮኻል። ቁልፍ የሚያድል የለም፣ ሠራተኛ ስትቀየር አሻራዋን መሰረዝ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እርጥብ ጣት፣ በሥራ የተላጠ ጣት፣ ቡሆ የነካ ጣት ያስቸግረዋል። ለእናትሽ ዓይነት ሰው የቁጥር ኮዱም ይኑረው። ከሥሩ የተደበቀ የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ አለው፣ ለአደጋ ጊዜ። እዚያ ላይ ነው ብዙዎቹ የሚሰስቱት። ፊቱ መስታወት፣ ከሥሩ የመሳቢያ ቁልፍ የሚያህል ሲሊንደር! ስትገዢ ያቺን ቀዳዳ አስከፍተሽ እዪ። ብዙዎቹ ለወፍራም የእንጨት በር የተሠሩ ስለሆኑ የበርሽን ውፍረት ለክተሽ ጠይቂ። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ለሁለተኛው ዙር አቆየዋለሁ። ዛሬ ባለው መቃን ላይ ብትገጥሚው፣ ያቺ የኔ የጣሊያን ቁልፍ ታሪክ በጣት አሻራ ትደገማለች።

ወንድምሽ ቁልፍ አይላክ። ፍቅሩ ይግባው እንጂ አይገጥምም። አሜሪካ በብዛት የሚሸጠው የቤት ቁልፍ በሩ ላይ 54 ሚሊ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ መሀሉም ከበሩ ጠርዝ 60 ወይም 70 ሚሊ መግባት አለበት። የእኛ የላሜራ በር ጠርዙ ቱቦላሬ፣ ጠባብ የብረት ቱቦ፣ ነው፣ እዚያ ላይ ያን የሚያህል ቀዳዳ ከተከፈተ የበሩ አጥንት ተቆረጠ። ደንበኞቼ ከሻንጣ አውጥተው የሰጡኝ፣ ሳይገጠሙ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ቆንጆ ቆንጆ ቁልፎች አሉ። የግድ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። በአሜሪካኖቹ ደረጃ 1 ማለት ከሁሉ ጠንካራው ነው፣ 3 ዝቅተኛው። የአውሮፓው ተቃራኒ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠነክራል። በዚህ ተሳስቶ የገዛ ብዙ ነው። አውሮፓ ወይም ዱባይ ዘመድ ካላችሁ እኛ የምንጠቀምበትን ዓይነት ሲሊንደር ከዚያ ማግኘት ይቀላል፤ ልኩን ብቻ ላኪላቸው። ወንድምሽ ግራፋይት ይላክ። ትንሽ ብልቃጥ ናት፣ ሻንጣም አትሞላም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚረሳው ነገር። በሩ ሌባን ከማስቆሙ በፊት እናንተን ማስወጣት አለበት።

አንድ እሁድ ጠዋት ተጠርቼ ሄድኩ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል። ድምፃቸው ይሰማል፣ በሩ ግን አይከፈትም። ልጃቸው ትርፍ ቁልፍ አላት። ቁልፉ ግን አይገባም፣ ምክንያቱም እናትየው ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን እዚያው ትተውታል። ተራ ሲሊንደር ላይ ከውስጥ ቁልፍ ካለበት ከውጭ ያለው አይሠራም። መስኮቱ ሁሉ በፌሮ ታጥሯል። በሩን ቆርጬ እስክንገባ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ልጅቷ ቁልፏን ጨብጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። እናትየው ተርፈዋል፣ ዳሌያቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

ከሁለቱም በኩል ቁልፍ ገብቶበት የሚሠራ ሲሊንደር ገበያ ላይ አለ። ስትገዢ ሻጩ ፊት ሁለት ቁልፍ በሁለቱም በኩል አስገብተሽ ሞክሪው። አለዚያም ከውስጥ በኩል ቁልፍ የማይፈልግ፣ በእጅ የሚዞር ጉብታ ያለውን ውሰጂ። እኔ ይህን ነው የማስቀድመው። ሌሊት ቤቱ በጭስ ቢሞላ ቁልፍ ፍለጋ ትራስ ሥር መዳሰስ የለም፤ እጅ በልማድ ያገኘዋል። የእናንተ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ፌሮ ካለው መውጫችሁ ያ በር ብቻ ነው። ከውስጥ ጓጉንቸር አንጠልጥሎ ቁልፉን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ቤት ሳይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌባው አይደለም። ጉብታው የማይሆነው በሩ ላይ ወይም አጠገቡ መስታወት ካለ ነው፣ ሰብሮ እጁን ያስገባልና። የላሜራ በር ላይ ይህ ችግር የለም።

ስለ ጓጉንቸር ካነሳን፣ ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር «ሰው የለም» የሚል ማስታወቂያ ነው። ቀን ለሚሰርቅ ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል? ለመጋዘን፣ ለቆጣሪ ሳጥን፣ ለጣሪያ መውጫ ከሆነ ግን ይሁን። ስትገዢ አንገቱን በሞረድ ሞክሪው። ሞረዱ ተንሸራትቶ ካለፈ ብረቱ ደድሯል፣ ከነከሰው ለስላሳ ነው። አንገቱ በጣም ያልታየ፣ በአካሉ የተሸፈነ ይሻላል። የሚንጠለጠልበትን ጆሮም እዪ፤ ሌባ ወፍራሙን ጓጉንቸር ትቶ ቀጭኑን ጆሮ ነው የሚቆርጠው።

ዋጋ አልጻፍኩልሽም። ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ያሳፍረኛል። ቅደም ተከተሉ ግን ይህ ነው፤ ማጠፊያውና መቃኑ፣ ከዚያ ከውስጥ ጉብታ ያለው የናስ ሲሊንደር ከመከለያው ጋር። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ነው የሚበቃው ካልሽ እነዚህን እንደ አንድ ቁጠሪያቸው፤ ከአንድ ደህና የጣት አሻራ ቁልፍ የሚበልጡ አይመስለኝም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ካልተቻለ ሲሊንደሩ ነገ ይቀየር፣ የማታውቂው ሰው ቁልፍ ይዞ እየዞረ ነውና። ልኩ በኋላ እንዳይበላሽ በያጁ የበሩን ውፍረት እንዳይነካ ንገሪው።

በያጁ የሚመጣ ቀን ቤት ሁኚ። አንድ ባልዲ ውሃ በሩ አጠገብ አስቀምጪ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ራቅ ይበል፣ ብልጭታው ሩቅ ይሄዳል። አንድ ነገር ደግሞ በዓይንሽ ሳታዪ እንዳይጀምር። ቁልፉ ከነሣጥኑ ከበሩ ላይ መውጣት አለበት። «ግዴለም፣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ» ይልሻል። እሺ እንዳትዪው። የብየዳው ሙቀት እነዚያን ጸጉር የሚያካክሉ ሞላዎች ያላላቸዋል፣ ከዚያ ቁልፉ እየገባ አልዞርም ሲልሽ በያጁንም እኔንም ትረግሚናለሽ።